ለእኩለ ቀን አስር ደቂቃ ጉዳይ

የእንፋሎት መርከባችን «ሉሲንዳ» ጭጋጉ ውስጥ ስትገባ እሳቷን ቀንሳ መዳህ ጀመረች። ማለዳ ከወደቡ ስንነሳ የሚሲሲፒ ሁለቱም ዳርቻዎች ይታዩ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ወንዙም ሰማዩም አንድ ነጭ ነገር ሆነው አረፉት። ከመርከቧ አፍንጫ ላይ ቆሞ ገመድ እየጣለ የውሃውን ጥልቀት የሚለካው ሰው ቁጥሩን ይጣራል፤ ከላይ ያለው ነጂ ይቀበለዋል፤ ደወሉ አንዴ ይመታል፤ ከዚያ ጭጋጉ ሁሉንም ይውጠዋል። መጣራት የእኔም ሥራ ነውና የሰው ድምፅ እመዝናለሁ። የዚያ ሰው ድምፅ መልካም ነበር፤ ብቻ እንቅልፍ ያመጣል።

ስሜ ሂራም ኮትሬል ነው። የርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ አሥራ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ እኔም የፌዴራሉ ፍርድ ቤት አዋጅ ነጋሪ ነበርኩ። ዳኛው ሲገቡ «ተነሱ» የምል፣ ምስክር ሲቀርብ መጽሐፍ ቅዱስ ዘርግቼ የማስምል፣ ብርድ ሲሆን ምድጃው ላይ እንጨት የምጨምር እኔ ነኝ። ከከተማ ከተማ እየዞርን ነበር የምናስችለው፤ በዚያ ሳምንት ተራው የማርሎ ነበር።

ዳኛ ላይሳንደር ቦይንተን ከላይኛው ፎቅ ክፍላቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል። እኔ የማውቃቸው ዳኛ ከመሆናቸው በፊት ነው። የቆዳ ፋቂ ልጅ ናቸው። መጀመሪያ የገጠር መምህር፣ ቀጥሎ ጠበቃ፣ ከዚያ የግዛታችን ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ አርባ ዓመት ሳይሞላቸው አፈ ጉባኤ ተባሉ። ከዚያ ዋሽንግተን ወርደው ሁለት ዘመን በኮንግሬስ ተቀመጡ። በመጨረሻ ፕሬዚዳንቱ አጭተው፣ ሴኔቱ አጽድቆ፣ ዕድሜ ልክ የማይነቀሉበት የዳኝነት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ሕግ ሲያወጡ የምክር ቤቱ በረኛ ነበርኩ፤ በሕግ ሲፈርዱ አዋጅ ነጋሪያቸው ሆንኩ። ሰዎች «የቦይንተን ጥላ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ጥላ አይናገርም፣ እኔም አልተናገርኩም።

ፖለቲከኛ ሳሉ የማይጨብጡት እጅ አልነበረም። የገበሬውን ስም ብቻ ሳይሆን የላሙን ስም ጭምር ያውቁ ነበር፤ «ዴዚ ወለደች እንዴ?» ብለው ነው ድምፅ የሚለምኑት። ዳኛ ከሆኑ ወዲህ ግን እጃቸውን ሰብስበው፣ ከማንም ጋር ማዕድ ሳይቆርሱ፣ ብቻቸውን ነው የሚበሉት። አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «ዛሬ እንጀራ የበላሁለትን ሰው ነገ እንዴት ልፍረድበት?» አሉኝ።

ጭጋጉ መሃል ሳለን መርከቧ አቅጣጫዋን ለወጠችና በቀስታ አንድ ዳርቻ ነካች። ማገዶ ለመጫን ነበር። ከነጩ ነገር ውስጥ መጀመሪያ የተቆለለ እንጨት ታየ፣ ቀጥሎ ሁለት ፍየሎች፣ ቀጥሎ ሰዎች። ቦታው ቆቅ ደሴት መሆኑን ሳውቅ ወደ እንፋሎቱ ማሞቂያ ጋን ሸሽቼ ተቀመጥኩ። ወደ ማርሎ የምንሄድበት ትልቁ ጉዳይ የዚህ ደሴት ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ምክር ቤታችን ባወጣው አንድ ሕግ በወንዙ ላይ ያሉ ደሴቶች ሁሉ «ሰው አልባ» ተብለው ለአንድ የምድር ባቡር ኩባንያ ተሰጥተዋል። በቆቅ ደሴት ላይ ግን ሃያ ሦስት ቤት ነበረ፤ ዛሬም አለ። ኩባንያው አሁን ድልድይ ሊሠራ ፈልጎ «ልቀቁ» ብሎ ከሰሳቸው። ጠበቃቸው፣ ምስኪን፣ አንድ ወሬ ሰምቶ «ሕጉ የወጣው ምክር ቤቱ ከተበተነ በኋላ ነውና ሕግ አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ማስረጃ ግን አልነበረውም። ማስረጃውን የምናውቀው እኔና ከላይ የተቀመጡት ሰው ነን፤ ሌሎቹ ወይ ሞተዋል ወይ ከኩባንያው ጋር ተጠቃቅመዋል።

እንጨቱ ተጭኖ ሲያልቅ አንዲት ሴት በሳንቃው ላይ ወጣች። አርባ ዓመት ቢሆናት ነው፤ የወንድ ካፖርት ለብሳለች። ከሙቀቱ ብላ ማሞቂያ ጋኑ አጠገብ፣ እኔ ጎን መጥታ ተቀመጠች። ታቢታ ስትራውድ እንደምትባል፣ ባሏ እንደሞተ፣ የደሴቱ ሰዎች መርጠው ለችሎቱ እንደላኳት፣ ይህን ሁሉ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። የተጨሰ አምባዛና የበቆሎ ዳቦ ከጨርቅ ፈትታ ግማሹን ሰጠችኝ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ረሃብም ይሉኝታም አሸነፈኝና በላሁ።

«እርስዎስ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ።

የመንግሥት ቤት ተላላኪ ነገር ነኝ አልኳት።

«እንግዲያው ዳኛውን ያውቋቸዋል?»

«በሩቅ ነው» አልኩ።

«ደግ ሰው ናቸው ይላሉ። እኔ ደግነት አልፈልግም። ባሌን የቀበርኩት እዚያ ነው፣ ሁለት ልጅ የወለድኩት እዚያ ነው፤ ሰው አልባ ነው የተባለው መሬት ላይ። ታዲያ እኛ ምንድን ነን? ቆቅ ነን?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ደስ ይላል። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ቆይታ ካፖርቷን ተሸፋፍና አንቀላፋች። መርከቧ እንደገና ነጩ ውስጥ ገባች። ሙቀቱ፣ የመንኮራኩሩ ሹክሹክታ፣ ያ ቁጥር የሚጣራው ሰው፤ እኔም ዓይኔን ሳልከድን በህልም ይሁን በውን ወደዚያ ቀን ተመለስኩ።

የግዛታችን ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ለስልሳ ቀን ብቻ ይቀመጥ ይላል። በስልሳኛው ቀን ልክ እኩለ ቀን ሲሆን ስብሰባው በራሱ ይሞታል፤ ከዚያ በኋላ የተወሰነ ነገር ከወረቀት አያልፍም። ስልሳ ቀን ደግሞ ለማንም በቅቶ አያውቅም። ስለዚህ ቀዳሚዎቻችን አንድ ዘዴ ፈጠሩ። በመጨረሻው ቀን አፈ ጉባኤው በረኛውን በዓይኑ ይጠቅሰዋል። በረኛው መስኮት የሚከፈትበትን ረጅም ዘንግ ይዞ ግድግዳው ላይ ወዳለው ትልቅ ሰዓት ይሄድና የሚወዛወዘውን ጭራ ቀጥ ያደርገዋል። ሰዓቱ ይቆማል። አባላቱ ስቀው፣ አጨብጭበው፣ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ጸሐፊውም ሁሉን «ከእኩለ ቀን በፊት» ብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ያሰፍራል። ከእኔ በፊት የነበረው በረኛም፣ ከእሱ በፊት የነበረውም እንዲሁ ሲያደርጉ ኖረዋል። ኃጢአት ነው ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ሰዓቱ የምክር ቤቱ ነው፤ ምክር ቤቱ በገዛ ሰዓቱ ካላዘዘ በምን ሊያዝዝ ነው?

ያን ቀን ሽማግሌው ፓርዲ ቆሞ ይናገር ነበር። የወንዙ ሰዎች ተወካይ ነው። እስከ እኩለ ቀን ሳይቀመጥ ከተናገረ የደሴቶቹ ሕግ ድምፅ ሳይሰጥበት ይሞታል፤ ስለዚህ ከማለዳ ጀምሮ ስለ ዝይ፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ እናቱ ቁርጥማት፣ ስለ መጣለት ሁሉ ያወራል። ቦይንተን በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ዘንጉን አነሳሁ። ፓርዲ ጀርባውን ለሰዓቱ ሰጥቶ ነበርና አላየኝም፤ የሚያየው የኪስ ሰዓቱን ብቻ ነው። ሌሎቹ አይተው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። የግድግዳው ሰዓት ለእኩለ ቀን አስር ደቂቃ ጉዳይ ላይ ቆመ።

በኪሱ ሰዓት እኩለ ቀን ሲሆን ፓርዲ ንግግሩን አቆመ። «ጌቶቼ፣ ሕጋችሁ ሞቷል፤ ያጽናችሁ» ብሎ እጅ ነሳና ባርኔጣውን ደፋ። በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ባቡር እንዳያመልጠው እየተጣደፈ ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወጣ። እኔ በሩን ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ዛሬም ግራ ይገባኛል። የት እንደሚገባ የማይታወቅ ጊዜ ነው። ምሳ በቅርጫት መጣ፣ ሰው ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ተሟገተ። ፀሐይዋ ከምሥራቁ መስኮት ተነስታ በምዕራቡ ገባች፤ ወለሉ ላይ ቀስ እያለች ስትሄድ አየኋት። ግድግዳው ገና ጠዋት ነው ይላል፣ መስኮቱ ሊመሽ ነው ይላል፣ እኛ መሃል ላይ ተቀምጠን የዶሮ እግር እንግጣለን። ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አካባቢ ሕጉ በሁለት ድምፅ ብልጫ አለፈ። ቃለ ጉባኤው «ለእኩለ ቀን አስር ደቂቃ ጉዳይ፤ አቶ ፓርዲ በቦታው የሉም» ይላል። ሽማግሌው በቀጣዩ ክረምት ሞተ። ሕጉ ማለፉን ከጋዜጣ ነው ያወቀው ይባላል።

አንድ የመርከብ ሠራተኛ ትከሻዬን ሲነካኝ ነቃሁ። ዳኛው ይፈልጉሃል አለኝ። ሴትዮዋን ሳልቀሰቅስ በዝግታ ተነስቼ ወደ ላይ ወጣሁ።

ዳኛ ቦይንተን መስኮቱ ላይ ተቀምጠው ምንም የማይታይበትን ውጭ ያያሉ። በሩን እንድዘጋ በእጃቸው አሳዩኝ። ከደሴቱ ማን እንደወጣ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሃያ ሦስት ቤት እንዳለ፣ ባሏ እዚያ እንደተቀበረ ጭምር ነገርኳቸው። ለምን ያን ያህል እንደዘረዘርኩ አላውቅም።

«ዓሣ ዓሣ ትሸታለህ» አሉኝ።

አፈርኩ። እሳቸው ግን አልገሰጹኝም፤ ከቦርሳቸው አንዲት ወረቀት አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ፍርዱን ጽፌዋለሁ። አንድ ገጽ ናት። ቃለ ጉባኤው ከተናገረ በኋላ ማንም አይናገርም ትላለች። ከእኔ በፊት ስንት ዳኛ ብሎታል፤ ማንም አይወቅሰኝም።»

«እንግዲያው ደህና ነው» አልኩ።

«ደህና ነው?»

ከታች ቁጥሩ ተጣራ፣ ደወሉ መታ።

«ያየ ሰው ዳኛ አይሆንም፣ ኮትሬል» አሉ። «ያየ ሰው ምስክር ነው። ሰኞ ከወንበሩ ወርጄ ቃሌን እሰጣለሁ። ፍርዱን ሌላ ዳኛ መጥቶ ይስጥ።»

ያን ጊዜ ተናደድኩ፤ አልደብቅም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሁለታችን አንዲት ቃል ሳንተነፍስ ኖረን፣ ዛሬ በጭጋግ መሃል ጽድቅ አማራቸው። እሳቸው የዕድሜ ልክ ወንበር አላቸው። እኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፣ የተከራየኋት አንዲት ክፍል አለችኝ፣ እንጀራዬም የፍርድ ቤቱን ሠራተኞች የሚቀጥረው ማርሻል በፈለገ ቀን የሚቆርጣት ናት። ይህን ሁሉ በሆዴ አልኩና በአፌ ግን «ለምን ዛሬ?» ብቻ አልኩ።

ወረቀቷን እያዩ መለሱልኝ። «ምክር ቤት ሳለሁ ብዙ ነበርን። ጥፋቱ ለሁላችን ሲካፈል ለእኔ የሚደርሰኝ ቅንጣት ነበረች፤ በእሷም እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ኮንግሬስም ያው ነው። ይኸኛው ወንበር ላይ ግን ብቻዬን ነኝ። የሚካፈለኝ የለም።»

ወረቀቷን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ መለሷት። «ስምህን አልጠራም» አሉኝ። «ማን አቆመው ካሉኝ ‹እኔ› እላለሁ። ያዘዘ አቁሟል። አንተ እንደ ሁልጊዜው መጽሐፉን ይዘህ ቁም።»

እፎይ አልኩ። እፎይታዬ ራሱ አሳፈረኝ፤ ግን እፎይ ብያለሁ። ጭጋጉ ወደ አመሻሽ ገለጥ ሲል የማርሎ ቤቶች ከውሃው በላይ ተንሳፍፈው የመጡ መሰሉ።

የማርሎ ችሎት ከፖስታ ቤቱ በላይ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ደረጃው ሳይቀር በሰው ተሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ስትራውድ ከፊት ተቀምጣለች። አዋጄን ስናገር ቀና ብላ አየችኝ፤ ግራ ተጋባች፣ ከዚያ ፈገግ አለች። ትልቅ ሰው ሆኜ ሳለ ትሑት ሆኜ ያናገርኳት መስሏት ይሆናል።

ዳኛው አልተቀመጡም። ቆመው፣ በዚህ ጉዳይ ሊፈርዱ እንደማይችሉ፣ ያዩትን ግን እንደሚመሰክሩ፣ ቃላቸውንም ጸሐፊው መዝግቦ ለሚመጣው ዳኛ እንደሚያቀርብ ተናገሩ። ካባቸውን አውልቀው ወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣሉት። በሸሚዝና በሰደርያ ሲታዩ ትንሽ ሰው ነበሩ። የወንበሩን ሦስት ደረጃ ወርደው ምስክር ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ መጽሐፉን ዘርግቼ አስማልኳቸው።

ሁሉን ተናገሩ። ሰዓቱን፣ ፓርዲን፣ ምሳውን፣ የመስኮቱን ፀሐይ። «ማን አቆመው?» ሲባሉ «እኔ አቁሜዋለሁ» አሉ። የደሴቱ ሰዎች ጠበቃ ደስታው አሰክሮት ሌላ ሳይጠይቅ ተቀመጠ።

የኩባንያው ጠበቃ አቶ ጊልክራይስት ተነሳ። የተማረ ሰው ነው፤ ሲያንቋሽሽ እንኳ እጅ እየነሳ ነው። ሕጉ ባለፈበት ወር፣ በየካቲት፣ ክቡር ምስክሩ በትኩሳት ተኝተው እንደነበር እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። እውነት ነው አሉ። ታዲያ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ታሞ የነበረ የአንድ ሰው ትዝታ፣ ሰባ ሁለት ሰው ያጸደቀውን ቃለ ጉባኤ ያፈርሳል? ሕዝቡ ተንሾካሾከ። ጊልክራይስት ዞር ብሎ ችሎቱን ሁሉ በዓይኑ ቃኘ። የቀሩት የምክር ቤት አባላት አፋቸው እንደተለጎመ ስለሚያውቅ ነው ያን ያህል የደፈረው።

«ይህን አየሁ የሚል ሌላ ሰው በሕይወት አለ?»

ዳኛ ቦይንተን ቀጥ ብለው ከፊታቸው ያለውን ግድግዳ አዩ። «ሊኖር ይችላል» አሉ። «መጥራት ግን የእኔ ፈንታ አይደለም።»

ወደ እኔ አልዞሩም። ቢዞሩ ኖሮ ምናልባት እልህ ይዞኝ ዝም እል ነበር። አለመዞራቸው ነው የገደለኝ። ከፊት ደግሞ ያች ሴት የካፖርቷን ቁልፍ እያሻሸች የጠበቃዋን አፍ ታያለች፤ እሱም የሚለው ጠፍቶት ወረቀት ያገላብጣል። ጸሐፊው ብዕሩን ሊያስቀምጥ ነው።

«አለ» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። በዚያ ሥራ ላይ በቆየሁበት ዘመን ችሎት ውስጥ የራሴ የሆነ ቃል ሲወጣኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ድምፄ ከአዋጁ ድምፅ ጋር አንድ አልነበረም፤ ቀጭን ነበር። ጊልክራይስት «አስማዩ ራሱ ምስክር ሊሆን? ማን ሊያስምለው?» ብሎ ሊያስቅ ሞከረ፤ እውነትም ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

መጽሐፉን በግራ እጄ ይዤ ቀኜን ጫንኩበት። «ሂራም ኮትሬል፣ እውነቱን፣ እውነቱን ሁሉ፣ ከእውነትም በቀር ሌላ እንዳትናገር ትምላለህ?» አልኩ። «እምላለሁ» ብዬ መለስኩ። ሳቁ ቆመ።

ከዚያ ተናገርኩ። የምክር ቤቱ በረኛ እኔ እንደነበርኩ፣ ዘንጉን የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ሽማግሌው ፓርዲ ሕጉን የገደለ መስሎት ሲወጣ በሩን ከፍቼ መልሼ የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ። ጊልክራይስት አንድ ሰዓት ሙሉ አፋጠጠኝ። ደከመኝ እንጂ ቃሌ አልተዛነፈም፤ የሆነውን ለሚናገር ለካ ማስታወስ አይቸግርም። ስጨርስ ዳኛ ቦይንተን ምስክር ወንበሩ አጠገብ ቆመው ነበር። እጄን ጨበጡኝ፤ ዳኛ ከሆኑ ወዲህ የማንንም እጅ ሲጨብጡ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

በመከር ወራት ከሌላ አውራጃ የመጣ ዳኛ ሁለቱን ቃሎች አንብቦ ሕጉን ሻረው፤ ቆቅ ደሴት ለባለቤቶቿ ቀረች። የእኔ ሥራ ግን እስከ መከር አልቆየችም፤ በዚያው ሳምንት ሄደች። ቦይንተን በወንበራቸው ቆዩ፣ የጥንት ጓደኞቻቸው ግን መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ማዶ ይሻገሩ ነበር። ይህ ሁሉ በኋላ የሆነ ነው።

ያን ሰኞ ከችሎቱ ስወጣ ወይዘሮ ስትራውድ ደረጃው ራስ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ልታመሰግነኝ መስሎኝ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ዓይኗ ደርቆ ነበር።

«ጎኔ ተቀምጠህ ስቀሃል» አለችኝ። «እያወቅክ።»

«እያወቅሁ» አልኩ።

«ተናግረሃል፣ ተመስገን ነው። አሥራ አምስት ዓመት ግን ልጆቼን ‹ነገ ቤታችንን ያፈርሱት ይሆናል› እያልኩ ነው ያስተኛሁት። እሱን ማን ይመልስልኛል?»

ጮክ ብሎ መናገር እንጀራው የነበረ ሰው ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ባርኔጣዬን እንደያዝኩ ከመንገዷ ፈቀቅ አልኩላት። ደረጃውን ወርዳ ሄደች።